ሮኬትና ምሁር፤ ቻይና ወደ ጠፈር የወጣችበት ጠማማ መንገድ

ኦክቶበር 15 ቀን 2003፣ በቤጂንግ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በጎቢ በረሓ ከሚገኘው የጂዩቹዋን ማምጠቂያ ጣቢያ አንድ ሮኬት ተወነጨፈ። በአናቱ ላይ በተገጠመችው «ሸንዡ 5» መንኮራኩር ውስጥ የ38 ዓመቱ የአየር ኃይል መኮንን ያንግ ሊዌይ ተቀምጠው ነበር። መንኮራኩሯ ምድርን 14 ጊዜ ዞራ፣ ከ21 ሰዓት ከ23 ደቂቃ በኋላ በውስጠኛው ሞንጎሊያ ሜዳ ላይ በሰላም አረፈች። ቻይናም ከሶቪየት ኅብረትና ከአሜሪካ ቀጥላ፣ በራሷ ሮኬት ሰው ወደ ጠፈር የላከች ሦስተኛዋ አገር ሆነች። መንግሥቷ ግን በሥራው ሙሉ በሙሉ አልተማመነም ኖሮ፣ የማምጠቁ ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን በቀጥታ እንዳይተላለፍ አድርጎ ነበር። ሕዝቡ የምሥራቹን የሰማው ሮኬቱ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ነው።

በዚያ ዕለት ቤጂንግ ውስጥ ከቤት መውጣት የተሳናቸው አንድ የ91 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ስማቸው ቺየን ሹየሰን ይባላል። ቻይናውያን «የሮኬታችን አባት» ይሏቸዋል። የእኚህን ሰው ሕይወት የተከታተለ ሰው፣ ስለ ጠፈር በሚነገረው ድል ሥር የተቀበረ አንድ ሌላ ታሪክ ያገኛል፤ የመንግሥትና የምሁር ታሪክ። ለመሆኑ ሮኬት የሚሠራው ምንድን ነው? ገንዘብ ነውን? የመሪ ቆራጥነት ነውን? ወይስ በሥራው ላይ እንዲቆይ የተፈቀደለት፣ በማግሥቱ ማን ይወስደኝ ይሆን ብሎ የማይሠጋ ባለሙያ? ይህ ጽሑፍ ለሦስተኛው መልስ ይሟገታል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

አሜሪካ ያሠለጠነችው፣ አሜሪካ ያባረረችው

ቺየን ሹየሰን የተወለዱት በ1911፣ የቺንግ ሥርወ መንግሥት ሊወድቅ በሚንገዳገድበት ወቅት፣ በሻንግሃይ ከተማ ነው። በ1934 በዚያው ከተማ ከጂያኦቶንግ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቀው፣ በ1935 በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ አቀኑ። የነፃ ትምህርቱ ገንዘብ ራሱ የሚነገር ታሪክ አለው። ቻይና ከ1900ው የቦክሰሮች ዐመፅ በኋላ ለውጭ ኃይሎች እንድትከፍል ከተገደደችው ካሳ ውስጥ፣ አሜሪካ ለትምህርት እንዲውል ብላ የመለሰችው ክፍል ነበር።

ቺየን ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የማስተርስ ዲግሪያቸውን በአንድ ዓመት ጨርሰው ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተሻገሩ። በዚያም ከትውልደ ሃንጋሪው ሊቅ ከቴዎዶር ፎን ካርማን ሥር ሆነው በ1939 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከካርማን ተማሪዎች መካከል «ሮኬት እንሥራ» ብለው የተነሡ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሮኬት የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ቅዠት ተደርጎ ይናቅ ነበርና፣ በግቢው ውስጥ ያስነሧቸው ፍንዳታዎች «ራስ አጥፊዎቹ» የሚል ቅጽል ስም አተረፉላቸው። ቺየን የስሌቱ ሰው ሆነው ተቀላቀሏቸው። ዛሬ ወደ ማርስ መንኮራኩር የሚልከው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የበቀለው ከዚህ ጥቂት ሰዎች ስብስብ ነው።

በ1945 የአሜሪካ ጦር ለቺየን የኮሎኔል ማዕረግ ሰጥቶ ከመምህራቸው ጋር ወደ ተሸነፈችው ጀርመን ላካቸው። የሂትለርን ሮኬት የሠሩትን ቨርነር ፎን ብራውንን ቀርበው ካነጋገሩት መካከል አንዱ ቺየን ነበሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ የተገናኙት ሁለት ሰዎች ዕጣ ፈንታ አስገራሚ ነው። ለናዚ የሠራውን አሜሪካ ይቅር ብላ ወደ አገሯ ወሰደችው፤ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውንም ሮኬት አሠራችው። ለአሜሪካ የሠራውን ግን አባረረችው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በ1950 የሴናተር ማካርቲ ዘመን ጀመረ፤ ያ አገር በየመሥሪያ ቤቱ ኮሚኒስት አድኖ ለመያዝ የተነሣበት ዘመን። በዚያው ዓመት ጁን ወር የቺየን የምስጢር ሥራ ፈቃድ ተነጠቀ። ክሱ በ1938 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ የሚል ነበር፤ እርሳቸው ሐሰት ነው አሉ። በዚህ ቅር ተሰኝተው ወደ አገራቸው ለመመለስ ዕቃቸውን ሲያሽጉ፣ ወደ 800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መጽሐፍና ወረቀታቸው ተያዘ። ከወረቀቱ መካከል ምስጢራዊ ኮድ ነው ተብሎ የተጠረጠረው፣ ሲመረመር የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ሆኖ ተገኘ። ቺየን በሴፕቴምበር ታሰሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ በ15,000 ዶላር ዋስ ቢለቀቁም፣ ተከታዮቹን አምስት ዓመታት በክትትል ሥር አሳለፉ። በአንድ በኩል ከአገር ይውጡ ተብሎ ተወሰነባቸው፤ በሌላ በኩል የሚያውቁት ብዙ ነውና አይውጡ ተብለው ተከለከሉ።

መፍትሔው የመጣው በ1955 ነው። የአሜሪካና የቻይና ዲፕሎማቶች በጄኔቭ ሲነጋገሩ፣ ቻይና አስራ የያዘቻቸውን 11 የአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ለቀቀች፤ አሜሪካም ቺየንን ለመልቀቅ ተስማማች። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1955 ከባለቤታቸው ከድምፃዊቷ ጂያንግ ዪንግና አሜሪካ ከተወለዱት ሁለት ልጆቻቸው ጋር ከሎስ አንጀለስ ወደብ በመርከብ ተሳፈሩ። በዘመኑ የባሕር ኃይሉ ከፍተኛ ሹም የነበሩት ዳን ኪምቦል፣ አገራቸው ከፈጸመቻቸው ድርጊቶች ሁሉ የዚህን ያህል የሞኝነት ሥራ እንደሌለ በኋላ መናገራቸው ይታወሳል። ቺየን ዳግመኛ አሜሪካን አልረገጡም።

አኩሪ አተርና ሮኬት

ኦክቶበር 8 ቀን 1956፣ ቺየን ወደ ቻይና በገቡ ልክ በዓመቱ፣ የመከላከያ ሚኒስቴር አምስተኛው አካዳሚ ተቋቋመ። ኃላፊው እርሳቸው ነበሩ። ከተመደቡላቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ፣ ከ150 የሚበልጡት፣ በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ ሚሳይል ምን እንደሚመስል አይተው የማያውቁ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ የቻይና የሮኬት ፕሮግራም የተጀመረው በፋብሪካ ሳይሆን በመማሪያ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቺየን ራሳቸው ጠመኔ ይዘው የሚሳይልን ሀሁ አስተማሩ።

ሶቪየት ኅብረት በመጀመሪያ ረዳች። ከጀርመኑ ቪ 2 የተወለደውን አር 2 ሚሳይል ከነንድፉ ሰጠች፤ ባለሙያዎችም ላከች። በ1960 ሁለቱ ፓርቲዎች ሲቃቃሩ ግን በኦገስት ወር ባለሙያዎቿን ጠቅልላ አስወጣች። ቻይናውያን የሶቪየቱን ሚሳይል ቅጂ በራሳቸው እጅ ሠርተው በኖቬምበር 5 ቀን 1960 አስወነጨፉ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ወር ሻንግሃይ አጠገብ የተተኮሰችው ትንሽ የምርምር ሮኬት ታሪክ ደግሞ እንደ ተረት ይወራል። ነዳጁን ለመጫን የተጠቀሙት በብስክሌት መንፊያ ነው፤ ትእዛዝ የሚተላለፈውም በጩኸትና በእጅ ምልክት ነበር። ሮኬቷ 8 ኪሎ ሜትር ወጣች።

እዚህ ላይ ግን የጀግንነቱን ትረካ ገታ ማድረግ ግድ ይላል። ከ1958 እስከ 1962 ማኦ ዜዱንግ ባወጁት «ታላቅ ዝላይ» ሳቢያ በቻይና ገጠር የደረሰው ረኃብ፣ እንደ ታሪክ ተመራማሪዎች ግምት ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ሕዝብ ፈጅቷል። ማኦ «እኛም ሳተላይት መሥራት አለብን» ያሉት በግንቦት፣ በፈረንጆቹ ሜይ 1958፣ ያ ዝላይ በታወጀበት ወቅት ነው። የሮኬት ሊቃውንቱም ተርበው ነበር። ፕሮግራሙን የሚመሩት ማርሻል ኒዬ ሮንግዠን የጦር ክፍሎችን ለምነው አኩሪ አተርና ሥጋ አሰባሰቡላቸው፤ ሊቃውንቱም ስንቁን «የሳይንስ ባቄላ»፣ «የሳይንስ ሥጋ» እያሉ ጠሩት። አተሩን ያበቀለው ገበሬ ግን የሚላክለት ስንቅ አልነበረም።

ቺየንም ከዚህ ጥፋት እጃቸው ንጹሕ አይደለም። በጁን 1958 በአንድ የወጣቶች ጋዜጣ ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰብል ከፀሐይ የሚያገኘው ብርሃን በሚገባ ቢሠራበት ምርት በብዙ እጥፍ ሊያድግ እንደሚችል በስሌት አስረዱ። ስሌቱ የሮኬት ሰው ስሌት እንጂ የማሳ ሰው ስሌት አልነበረም። የማኦ ጸሐፊ የነበሩት ሊ ሩዪ በኋላ እንደጻፉት፣ ማኦ ያን የማይታመን የምርት ሪፖርት እንዴት እንዳመኑ ሲጠየቁ የጠቀሱት የቺየንን ጽሑፍ ነው። ምሁር የሥልጣን ሰለባ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴም የሥልጣን ማኅተም ይሆናል። በአሜሪካ ስለ እውነት የተንገላቱት ሰው፣ በአገራቸው ለመሪው ደስ የሚለውን ነገር በሳይንስ ቋንቋ መጻፋቸው ሊዘነጋ አይገባም።

የስም ዝርዝሩ

በ1966 የባህል አብዮት ፈነዳ። ምሁር «አድኃሪ» ተባለ፤ በውጭ አገር የተማረ ደግሞ ሰላይ። ሮኬት የሚሠራው ሰባተኛው የማሽን ግንባታ ሚኒስቴር ራሱ «915» እና «916» በሚባሉ ሁለት ባላንጣ አንጃዎች ተከፈለ። ጠዋት አብረው የሞተር ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች ከሰዓት በኋላ በዱላ ይፈላለጉ ጀመር።

ያኦ ቶንግቢን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተው በ1957 የተመለሱ የብረታ ብረት ሊቅ ነበሩ። ሮኬት የሚሠራበት ቁስ ሙቀትንና ግፊትን እንዴት እንደሚችል ከሚያውቁት ጥቂት ቻይናውያን አንዱ ናቸው። ጁን 8 ቀን 1968 ከአንጃዎቹ የአንዱ አባላት ደብድበው ገደሏቸው። ዕድሜያቸው 45 ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቹ ኤን ላይ፣ በ1964 አሥመራ ድረስ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተነጋገሩት ያው ሰው፣ የያኦን ሞት ሲሰሙ ደነገጡ። ጥበቃ የሚደረግላቸው ቁልፍ ሳይንቲስቶች የስም ዝርዝር እንዲዘጋጅም አዘዙ። ቺየን ተረፉ። ነገር ግን ከያኦ ሞት አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1968፣ የቻይናን የመጀመሪያ ሳተላይት ጥናት የመሩት፣ በርሊን የተማሩት ዣኦ ጂዩጃንግ ውርደቱንና ምርመራውን መሸከም አቅቷቸው የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ሳተላይቷ «ዶንግ ፋንግ ሆንግ 1» ኤፕሪል 24 ቀን 1970 መጠቀች። 173 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ ከእርሷ በፊት ሶቪየት ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ፈረንሳይና ጃፓን ካመጠቋቸው የመጀመሪያ ሳተላይቶች ድምር ክብደት የምትበልጥ ናት። ከሰማይ ሆና ማኦን የሚያወድሰውን መዝሙር ዜማ አሰማች። ዜማውን እንዲሰሙ ያልታደሉትን የሚያነሣ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም።

በዚህ የስም ዝርዝር ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባናል። ዝርዝሩ በጎ ሥራ ነው፤ ብዙዎችን አድኗል። ግን ዝርዝር ማለት ምን ማለት ነው? በአንድ ባለሥልጣን መልካም ፈቃድ የተጻፈ ወረቀት ነው። ስሙ ያለበት ይኖራል፤ የሌለበት የዱላው ነው። የሚያስፈልግ ምሁር ይጠበቃል፤ «የማያስፈልግ» የተባለው ባለቅኔ፣ የታሪክ መምህር፣ ሐኪም ለቀይ ዘቡ ይተዋል። ሕግ ባለበት አገር ማንም ሰው በዝርዝር ውስጥ መግባት አያሻውም።

ሠላሳ ሦስት ዓመት

ብዙዎች ቻይና ሰው ወደ ጠፈር ለመላክ ያሰበችው በ1990ዎቹ ይመስላቸዋል። አይደለም። «ሹጓንግ»፣ ማለትም «የንጋት ብርሃን»፣ የተባለው ፕሮጀክት በጁላይ 1970 ተፈቅዶ፣ ከአየር ኃይል አብራሪዎች መካከል 19 ዕጩ ጠፈርተኞች ተመርጠው ነበር። ሁለት ሰው የምትይዝ መንኮራኩር በ1973 ለማምጠቅ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን በሴፕቴምበር 1971 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊን ቢያኦ ከማኦ ጋር ተጣልተው ሲሸሹ በሞንጎሊያ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ከእርሳቸው ጋር ንክኪ አለው የተባለው አየር ኃይል በጥርጣሬ ታየ። ገንዘቡም አልነበረም፤ ቴክኖሎጂውም አልበሰለም። በ1972 ዕጩዎቹ ወደየክፍላቸው ተመለሱ፤ ፕሮጀክቱም ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናስታውስ። በ1975 ቻይና ሳተላይት አምጥቃ ወደ ምድር በመመለስ ሦስተኛዋ አገር ሆነች። ማኦ ሞቱ። በማርች 1986 አራት አንጋፋ ሳይንቲስቶች ለዴንግ ሺያኦፒንግ በጻፉት ደብዳቤ መነሻነት «863» የተባለው የከፍተኛ ቴክኖሎጂ መርሐ ግብር ተጀመረ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1992 ሰው ወደ ጠፈር የመላኩ ፕሮጀክት ጸደቀ። በ1999 ሰው የሌለባት «ሸንዡ 1» ተሞከረች። በ2003 ያንግ ሊዌይ ወጡ። «ሹጓንግ» ከተፈቀደበት እስከዚያች ማለዳ የተቆጠረው 33 ዓመት ነው። ከ1992ቱ ውሳኔ ወዲህ ግን የፈጀው 11 ዓመት ብቻ ነው። መሪዎች ተለዋወጡ፤ ዕቅዱ ግን አልተገለበጠም፤ መሐንዲስም በአብዮት ስም አደባባይ አልወጣም። የልዩነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ አገሪቱ ሀብታም ሆናለች፤ የሩሲያ ልምድም በገንዘብ ተገዝቷል። ነገር ግን ገንዘብ የሞተውን ያኦ ቶንግቢንን አይገዛም።

በ2021 የራሷን የጠፈር ጣቢያ የ«ቲያንጎንግ»ን የመጀመሪያ ክፍል አመጠቀች፤ በ2022 መጨረሻ ግንባታውን አጠናቀቀች። በ2024 ደግሞ ከጨረቃ ስውር ገጽ አፈር አምጥታለች፤ ከዚያ በፊት ማንም ያላደረገው ነው። ከ2030 በፊት ሰው ጨረቃ ላይ አሳርፋለሁ ብላም ተነሥታለች። አሜሪካስ ከቺየን ምን ተማረች? ምክር ቤቷ በ2011 ባወጣው ሕግ ናሳ ከቻይና ጋር በቀጥታ እንዳይተባበር ከለከለ። በ2018 የፍትሕ ሚኒስቴሩ በቻይና ስም የጀመረው ዘመቻ በየዩኒቨርሲቲው በርካታ ትውልደ ቻይና ምሁራንን ከሰሰ፤ ከክሶቹ አንዳንዶቹ በማስረጃ እጦት ወድቀው ዘመቻው በ2022 ቀረ። ጄኔቭ ላይ በሰው የተነገደበት ትምህርት በ60 ዓመት ውስጥ ተረስቷል።

የቺየን ጥያቄ

«ታዲያ አምባገነን መንግሥትም ሮኬት ይሠራል፤ ነፃነት ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሶቪየት ኅብረትም ሰርጌ ኮሮሊዮቭን ከኮሊማ የግዞት ሠፈር አውጥታ ነው ጋጋሪንን የላከችው። ሮኬት ብቻውን የነፃነት ምስክር አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገራችን ተረት፤ ቻይና የተረቱን የመጀመሪያ ግማሽ አፍርሳዋለች፣ ሁለተኛው ግን እንዳለ ቆሟል። ሰማዩ ታረሰ፤ ንጉሡ አልተከሰሰም። ያኦና ዣኦ ከጊዜ በኋላ በክብር ስማቸው ታድሷል፤ በ1999 መንግሥት ከሸለማቸው 23 የሮኬት፣ የሳተላይትና የኒውክሌር ሊቃውንት መካከልም ተቆጥረዋል። ለሙታን የተሰጠ ሜዳይ ግን ለሕያዋን ዋስትና አይሆንም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ እንዲሁ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የምድር ምልከታ ሳተላይት፣ ወደ ሰማይ የወጣችው ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ በ«ረዥሙ ጉዞ 4» ሮኬት ነው። ያ ሮኬት የአምስተኛው አካዳሚ የልጅ ልጅ ነው። በዚያ ማለዳ እንጦጦ ላይ ተሰብስበው ሲያጨበጭቡ የነበሩ ወጣት መሐንዲሶች ነበሩ። ሳተላይት በዕርዳታም በብድርም ይገኛል፤ ዕድሜዋም የጥቂት ዓመታት ነው። ከሳተላይቷ በኋላ የሚቀረው ሀብት እነዚያ ወጣቶች ናቸው። በአብዮት ስም ምሁር የተበላበትን ዘመን በዓይኑ ላየ ወይም ከወላጆቹ ለሰማ ለእኛ አገር አንባቢ፣ ይህን ከዚህ በላይ መዘርዘር ነጋሪ ለማይሻው መንገር ነው።

በ2005 ጠቅላይ ሚኒስትር ዌን ጂያባኦ ቺየንን በሕመም አልጋቸው ላይ ሳሉ ጠየቋቸው። አዛውንቱ ስለ ሮኬት አላወሩም። የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ነገር የሚፈጥር፣ ከሌላው የላቀ ሰው ስለ ምን እንደማያፈሩ ነው ያነሡት። ጥያቄው «የቺየን ጥያቄ» ተብሎ በአገሪቱ ሲያከራክር ኖሯል። ሕይወታቸውን ሙሉ መንግሥታቸውን ያገለገሉ፣ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ የነበረ ሰው፣ ሮኬቱ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳሰባቸው ይህ ነበር። ኦክቶበር 31 ቀን 2009 በ97 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ጸሐፊ በየዓመቱ መስከረም አዲስ ተማሪዎችን ሲቀበል የሚያስበው ያን ጥያቄ ነው። ከፊቱ ከተቀመጡት አንዱ ምናልባት ቺየን ይሆናል፤ ምናልባትም ያኦ። የትኛውን እንደሚሆን የሚወስነው የተማሪው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ከመማሪያ ክፍሉ ውጪ የሚጠብቀው አገር ነው። መርከብ ላይ የሚያሳፍር አገር አለ፤ ዱላ የሚያነሣ አገር አለ፤ በዝርዝር የሚጠብቅም አለ። እኛ የምንመኘው አራተኛውን ነው፤ ሰው ተፈላጊ ስለሆነ ሳይሆን ሰው ስለሆነ ብቻ የሚጠበቅበትን።

ቸር እንሰንብት።